ከአሜን በፊት

ሳጥኑ ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር። ሌባ ሰበረው ይባላል፣ ሌባው ይረገማል፣ በመስቀል ሰሞን ሆሳዕና ከተማ ከየአገሩ በሚመጣ ሰው ስለምትጥለቀለቅ «የማን ሌባ ይሆን?» ተብሎ ነገሩ እዚያው ያበቃል። የወይዘሮ እልፍነሽ ሳጥን ግን አልተሰበረም። ክዳኑ ግድግዳው ላይ ተደግፎ፣ ቁልፉ ቀዳዳው ውስጥ እንደተሰካ፣ ጋቢውም ሻሹም እንደታጠፈ ተገኘ። የጠፋው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ በቢጫ ላስቲክ የታሰረ ስልክ።

የሞተ ልጅ ስልክ።

ኢንስፔክተር ሐዳሳ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ እናቷን በአንድ እጇ ደገፈች። ሐዋሳ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ቤት እየገባች «ማንም ምንም እንዳይነካ» ስትል የኖረች ሴት ናት። ዛሬ የገዛ እናቷ ቤት ሲሆን ግን አፏ ተሳሰረ።

«አደራ በላ አሰኙኝ!» አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ። «ምን ብዬ የአዜብን ፊት አያለሁ?»

ስልኩ የአዜብ ልጅ የዮሲ ነው። ዮሲ የፎንቆ ከተማ ልጅ፣ ወይዘሮ እልፍነሽ ጡረታ ሳይወጡ ያስተማሩት፣ ሀያ አንድ ዓመቱ ነበር። ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ ብሎ ወጥቶ በተዘጋ የጭነት መኪና ውስጥ ታፍኖ መንገድ ላይ ቀረ። መንገድ ላይ የተዋወቀው አንድ ልጅ ተርፎ ሲመለስ ስልኩን ለእናቱ አመጣላት። ውስጡ የደላላው ድምፅ አለ፤ ልጁን አባብሎ ከቤቱ ያወጣው ሰው ድምፅ። አዜብ ስልኩን መክፈት አልቻለችም። የአስተማሪው ልጅ ፖሊስ ናት ሲሏት ግን ከፎንቆ ተነስታ መጣችና «ለልጅዎ ይስጡልኝ» ብላ አደራ አለች።

ሐዳሳ ለዓመት ፈቃዷ የገባችው ትናንት ማምሻውን ነበር። «ነገ ምሳ በልተን ስንመለስ እሰጥሻለሁ፣ ዛሬ ዕረፊ» አሏት እናቷ። እሺ አለች። አሁን የምትረግመው ያንን እሺ ነው።

ምክትል ኢንስፔክተር ሶፎንያስ በሩብ ሰዓት ውስጥ ደረሰ። ከሐዳሳ ጋር ከሰባተኛ ክፍል እስከ አሥረኛ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጠ፣ ቀጭን፣ ቀልድ የማያጣው ሰው ነው። ዛሬ አልቀለደም።

«ቁልፉ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ከመዝሙር መጽሐፉ ጀርባ።»

«ይህንን የሚያውቅ?»

«የቤት ሰው ብቻ።»

«ቤት ማን ነበር?»

ሁሉም ወደ ገነቴ ዞሩ። ገነቴ ስምንት ዓመት በዚህ ቤት ያገለገለች ናት። ጓሮ ሆና ለያሆዴ፣ ለሐዲያ መስቀል በዓል፣ አታካና ለሚባለው ምግብ የሚሆነውን ቡላ ስታሽ ነበር፤ ነጩ ዱቄት እስከ ክርኗ ደርቆባታል። ለመስቀል ዳምቦያ እናቷ ዘንድ ላለችው የአራት ዓመት ልጇ ቀይ ቀሚስ ገዝታ አልጋዋ ላይ ዘርግታዋለች።

ሶፎንያስ ወደ ሐዳሳ ተጠጋ። «ምሳ ላይ ከጠረጴዛው የተነሳ ሰው ነበር?»

«የለም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሶፎ፣ ሥራዬ ምን ሆነና ነው? አምስት ነበርን። እጃችንን ታጥበን ከተቀመጥን እስክንወጣ ድረስ አንድም ሰው አልተነሳም።»

ጻፈው። እሷም ፈረመች። ወንድሟ ነህምያ አጠገቧ ቆሞ ትከሻዋን ይዟት ነበር።

«እትዬ ሐዳሳ! እኔ አይደለሁም! ይንገሯቸው እንጂ!» አለች ገነቴ፣ ሲወስዷት።

ሐዳሳ ምን ብላ ትንገራቸው? ቃሏን ሰጥታለች። አምስቱ ምሳ ላይ ከነበሩ ቁልፉን የሚያውቅ ቤት የቀረው አንድ ሰው ነው። ሂሳቡ ቀላል ነበር።

*

ምሳው የነህምያ ግብዣ ነበር።

ስለ ነህምያ ሳይነገር ስለ ሐዳሳ ማውራት አይቻልም። አባታቸው ሲሞት እሱ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ እሷ አሥራ ሦስት። ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ከተማ ወርዶ ህንዶች ሱቅ ውስጥ ጆንያ እየተሸከመ አስተማራት። ከፖሊስ ኮሌጅ ስትመረቅ የተጫማችውን ጥቁር የቆዳ ጫማ የላከላት እሱ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሶል አስለውጣ ዛሬም ታደርገዋለች። ከተመለሰ ሦስት ዓመቱ ሲሆን የግንባታ ዕቃ ይነግዳል። እሱ ሲስቅ ቤቱ ይስቃል፤ እናታቸው ከእሱ የሚደብቁት ነገር የለም።

«ሐዱ፣ ዕረፍት የመጣ ሰው ቤት ቁጭ ብሎ አይበላም» አላት ጠዋት። «ማኅሌት የምትባል ልጅ ከደርባን ተመልሳ የህንድ ምግብ ቤት ከፍታለች። አጎቴ ጴጥሮስም ሶስናም ይመጣሉ።»

የማኅሌት ቤት ከእናታቸው ግቢ በስተጀርባ ነው። ባለጉልበት ሰው በእንሰቱ መሐል ቢያቋርጥ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። የወይዘሮ እልፍነሽ ጉልበት ግን ጭቃውን ስለማይችል በባጃጅ በአስፋልቱ ዞሩ።

ሶስና፣ የአጎታቸው ሚስት፣ ወንበሯ ላይ ሳትደላደል የዳሉን ወጥ ሳህን አሽትታ «ይሄ ምስር ነው ወይስ የግድግዳ ቀለም?» አለች። ነህምያ ሳቀ። ደርባን ውስጥ ህንዶቹ ዳቦውን ቦርቡረው ካሪ የሚሉትን ወጥ ሞልተው እንደሚሸጡ፣ ያንን እየበላ ስንት ክረምት እንዳሳለፈ አወራ። ሐዳሳ ከግራው ተቀምጣ ስትሰማው ልቧ ሞላ። ሥራ የለ፣ ሬሳ የለ፣ መዝገብ የለ። ዕረፍት ማለት ይሄ ነው አለች በሆዷ።

ምግቡ ተደርድሮ አለቀና ጋሽ ጴጥሮስ ኮታቸውን አስተካከሉ። ጋሽ ጴጥሮስ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ጸሎታቸው ከአዳም ይነሳል እያሉ ያሟቸዋል። አንድ ሠርግ ላይ እሳቸው ጸልየው ሲጨርሱ ሙሽራው ወንበር እንዳስመጣ የሚያወራ አለ።

«አጎቴ፣ ዛሬ በደንብ ጸልዩልን» አለ ነህምያ። «በተለይ መንገድ ላይ ላሉት ልጆች።»

የዮሲ ነገር ነው። ሐዳሳ እጆቿን አጣምራ አንገቷን ደፋች።

ከአሜን በኋላ ማኅሌት ራሷ እየሮጠች ሮቲ አመጣች፤ የህንድ ቂጣ ነው፣ እንፋሎቱ የሚያቃጥል። አራት ነበር። «ኧረ አንድ ጎደለ!» ስትል ሶስና፣ ማኅሌት በድንጋጤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ነህምያ ግን «ለእኔና ለእህቴ አንድ ይበቃናል» ብሎ አንዱን ለሁለት ቀደደና ካሪ ጠቅልሎ ሐዳሳን አጎረሳት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብሎ ደገማት።

ሲመለሱ ሳጥኑ ተከፍቶ ጠበቃቸው።

*

በማግስቱ ሐዳሳ ፎንቆ ሄደች። ሶፎንያስ «አንቺ እኮ ምስክር ነሽ፣ መርማሪ አይደለሽም» ቢላትም «ለቅሶ መድረስ የሚከለክል ሕግ የለም» ብላው ነበር።

አዜብ አጥሯ ሥር ተቀምጣ በቆሎ ትፈለፍል ነበር። ነገሩን ሰምታ እስክትጨርስ እጇን አላቆመችም።

«እና ጠፋ ነው የምትይኝ።»

«እናገኘዋለን እናቴ።»

«የልጄን አስከሬን አላገኘሁ፣ ያሳሳተውን ሰው ድምፅ እንኳ ይዤ ነበር። የአስተማሪ ቤት ነው ብዬ ሰጠሁ። የአስተማሪ ቤት አደራ ይበላል እንዴ?»

ሐዳሳ አጠገቧ ተቀምጣ አንድ በቆሎ አነሳች። ቆይታ ስለ ደላላው ጠየቀቻት።

«ስሙን ነግሮኝ አያውቅም። ‹ደህና ሰው ነው እማ፣ ሲሸኘን እንኳ ጸልዮልን ነው› አለኝ። ሰዎች የሾኔው ሚካኤል ነው ይላሉ። እኔ ምን አውቃለሁ።»

ዐርብ ሾኔ ወረደች። ሚካኤል ወፍራም፣ ለስላሳ፣ በርበሬ የሚነግድ ሰው ነው። ሊሸሽ አልሞከረም፤ ወንበር ሳበላት።

«አልዋሽሽም እህቴ፣ ድሮ ሠርቼበታለሁ። ሁለት ዓመት ታስሬ ወጥቻለሁ። ማክሰኞ ግን ቀኑን ሙሉ የጎረቤቴን እናት ስቀብር ነበር፤ ካላመንሽ የሾኔን ሰው በሙሉ ጠይቂ።»

ጠየቀች። ጉድጓዱን ከቆፈሩት አንዱ እሱ ነበር።

«ታዲያ ማን ነው?» አለችው ስትመለስ።

«የዛሬ ልጆች እንደኔ ያለውን አይሰሙም። ‹አንተ ሄደህ አይተሃል?› ይሉኛል። የሚሰሙት ሄዶ የተመለሰ ሰው ነው። ቋንቋውን የሚችል፣ ጥሩ ጫማ ያደረገ፣ ምሳ የሚጋብዝ። የሚፈሩትን አይከተሉም፤ የሚወዱትን ነው።»

ሚኒባሱ ውስጥ ይህንን እያሰላሰለች ሆሳዕና ገባች።

*

ቅዳሜ ጠዋት ለገነቴ ቁርስ ይዛ ጣቢያ ሄደች። ገነቴ ምሳ ዕቃውን ተቀበለች እንጂ ቀና አላለችም። አምስት ቀን ሙሉ ያላበጠረችው ፀጉሯ ከሻሿ ወጥቷል።

«ልጄ ዛሬ መኪና መንገድ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች» አለች። «እትዬ፣ እኔን ያሳሰረኝ ሳጥኑ አይደለም። የእርስዎ ቃል ነው።»

ይህ ሐዳሳን ከጥፊ በላይ አመማት። ምክንያቱም እውነት ነው።

«እንደገና ንገሪኝ። ሁሉንም።»

«ኮቴ ሰማሁ። ‹ማነው?› ብዬ ተጣራሁ፣ የመለሰልኝ የለም። እጄ ቡላ ስለሆነ አልወጣሁም። ትንሽ ቆይቼ ውሃ ልቀዳ ስገባ ቤቱ ሸተተኝ።»

«ምን ሸተተሽ?»

«ቅመም። የእኛ በርበሬ አይደለም፣ ኮረሪማም አይደለም። የማላውቀው ቅመም። ከዚያ እናንተ ከምሳ ስትመለሱ ያው ሽታ ከልብሳችሁ ጋር ገባ።»

«ይህንን ለፖሊሱ ነግረሻል?»

«ነግሬያለሁ። ‹ሽታ አይታሰርም› አለኝ።»

ሐዳሳ ተነሳች። ከህንድ ምግብ ቤቱ የወጣ ሰው ነው! ሄዶ የተመለሰ፣ ቋንቋውን የሚችል። በእንሰቱ መሐል ሁለት ደቂቃ። እየተራመደች አልነበረም፤ እየሮጠች ነበር። ልቧ ውስጥ ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር ነበር፤ ማኅሌት ናት፣ ማኅሌት ናት፣ ማኅሌት ናት።

*

ማኅሌት ሊጥ እያሸች ነበር። ሐዳሳ የጠየቀቻትን ስትሰማ ሊጡን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«እኔ? ምግብ ትቼ የሰው ሳጥን ልከፍት? እግዜር ይይልሽ! በዚያ ሰዓት ሮቲ ላይ ነበርኩ። ትኩሱን አልበላሽም እንዴ? እኔ ብወጣ ማን ጋገረልሽ?»

«ጸሎቱ ረጅም ነበር። ጋግረሽ ልትወጪ ትችያለሽ።»

ማኅሌት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ነይ ወዲህ። ነይ አሳይሻለሁ። እዚህ ከተማ ስከፍት የመጀመሪያውን ወር ሳለቅስ ከረምኩ፤ ታውቂያለሽ? ሮቲ ትኩሱን ካልተበላ ቆዳ ነው። እኔ ጋግሬ አቀርባለሁ፣ ሰዉ ጸሎት ይጀምራል፣ ሮቲዬ ይደርቃል። ‹ይሄ ነው የህንድ ምግብ?› ብሎ ይሄዳል። በኋላ ዘዴ ዘየድኩ። በጸሎቱ መጋገር ጀመርኩ።»

«በጸሎቱ?»

«ጋሽ ጴጥሮስን ለምሳሌ በልቤ አውቃቸዋለሁ። በምስጋና ይጀምራሉ፤ ሊጡን አድበለብላለሁ። ስለ ዝናብና ስለ አዝመራ ሲሉ እዳምጣለሁ። ስለ ሀገር ሲደርሱ ብረቱን አግላለሁ። ስለ ስደተኞቹ ልጆች ሲጀምሩ በዚህች መስኮት ብቅ ብዬ ራስ እቆጥርና በቁጥሩ ልክ እጥላለሁ። እሳቸው አሜን፣ እኔ ሮቲ። አንዲት ሰከንድ አንለያይም።»

ሐዳሳ በመስኮቷ አየች። ጭስ፣ ከጭሱ ወዲያ ደግሞ የወንበር ጀርባና ራስ ብቻ።

«ማክሰኞ ስንት ራስ ቆጠርሽ?»

«አራት።»

«እኛ አምስት ነበርን።»

«አራት ቆጠርኩ አልኩሽ! አንድ ስለጎደለ ስንት ቀን በገንሁ። ደርባን ዘጠኝ ዓመት በአንዲት ሮቲ አልተሳሳትኩም። እሜቴ ቆጥራ ነበር የምትቀበለኝ።»

«ማን ነበር የሌለው?»

«ጭስ ነው እኮ። እጁን ሊታጠብ የወጣ መስሎኝ ነው። መታጠቢያው በጓሮ በኩል አይደል?»

ሐዳሳ የማኅሌትን ዱቄት ነክታ ቆመች። ለምን እንደነካችው አላወቀችም። አምስት ሰው ነበር፣ አምስቱም አልተነሱም ብላ ፈርማለች። መቼ አየቻቸው? ከማዕዱ በፊት አየቻቸው። ከአሜን በኋላ አየቻቸው። መሐል ላይ ያለውን ሩብ ሰዓት ግን ዓይኗን ጨፍና ነበር። እናቷም ጨፍነዋል፣ ሶስናም ጨፍናለች። በጸሎት ጊዜ ዓይን መግለጥ ማንም አላስተማራቸውም። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ የእሷ ልብ ዓይኗ ሳያይ ፈርዶ ነበር።

ሶስና በሆነች አለች። እግዚአብሔር ሆይ፣ ሶስና ትሁን።

ወንበር ሳበችና ተቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች። ዓይኗ ባያይም ጆሮዋ ነበረ። የጋሽ ጴጥሮስ ድምፅ ከፊት ለፊት፤ እሳቸው ናቸው የሚጸልዩት። የእናቷ ሲቃ ከግራ፤ ስለ ልጆቹ ሲጸለይ ያለቅሳሉ። የሶስና «አሜን፣ አሜን፣ አዎ ጌታ» ከአጠገባቸው፣ በየትንፋሹ፣ እስኪያሰለች ድረስ። ሶስና አይደለችም።

ከቀኟ ምንም አልሰማችም። አንድ አሜን እንኳ።

ማኅሌት ውሃ ሰጠቻት። ሐዳሳ ማን በቀኟ እንደተቀመጠ ለማንም አልተናገረችም፤ ለራሷም ቢሆን ስሙን አልጠራችውም።

*

«ቃሌን ልቀይር ነው» አለች ሶፎንያስን።

ነገረችው። ሶፎንያስ ስክሪፕቶውን አስቀመጠ።

«እና ዐቃቤ ሕግ ፊት ምን ይዤ ልቅረብ? አንዲት ሮቲና ያልተባለ አሜን? ይስቁብኛል፣ ሐዳሳ።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ነገ ምሳ የምጋብዛቸው።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እናቷን ብቻቸውን አገኘቻቸው። ምንም የሌለበት ያረጀ ስልክ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠቻቸው። «የዮሲ መልእክት በሙሉ እህቱ ስልክ ላይ ተገኝቷል። ይኸው። ሰኞ ይዤው ሐዋሳ እሄዳለሁ። እስከዚያ ሳጥኑ ውስጥ አኑሪልኝ። እማዬ፣ ለማንም እንዳትነግሪ።»

«ለማን እነግራለሁ?» አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ ተቆጥተው።

ለማን እንደሚነግሩ ሐዳሳ አሳምራ ታውቃለች። እናቷን በራሳቸው ልብ ንጽሕና ወጥመድ አደረገቻቸው። ራሷን ጠላች፤ ግን ልጅቷ ዳምቦያ መንገድ ላይ ቆማለች።

*

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጡ በዚያው በባጃጅ ዞረው፣ እዚያው ጠረጴዛ፣ እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሶስና ዛሬ ዳሉን አላማችም፤ እንዲያውም ጨምሩልኝ አለች። ነህምያ ነጭ ጫማውን አድርጎ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ከሐዳሳ በስተቀኝ ተቀመጠ።

«ነገ ልትሄጂ ነው አሉ» አላት። «ዕረፍትሽን እኮ አበላሹብሽ።»

«አበላሹብኝ።»

ምግቡ ተደረደረ። ጋሽ ጴጥሮስ ኮታቸውን አስተካከሉ።

«አጎቴ» አለች ሐዳሳ፣ «ዛሬ በደንብ ጸልዩልን። በተለይ መንገድ ላይ ላሉት ልጆች።»

ነህምያ ቀና ብሎ አያት። «የእኔን ቃል ሰረቅሽኝ» አለና ሳቀ።

«ካንተ ያልተማርኩት ምን አለ?»

አንገቷን ደፋች። ዓይኗን ጨፈነች፤ ዛሬ ሆን ብላ ነው። ጋሽ ጴጥሮስ ማመስገን ጀመሩ። ሐዳሳ ግን የራሷን ትጸልይ ነበር። ይቀመጥ። ጌታ ሆይ፣ ከወንበሩ አይነሳ። እኔ ልዋረድ፣ ሶፎንያስ ይሳቅብኝ፣ ማኅሌት ቆጠራ ተሳስታ ይሁን። አሥራ ሦስት ዓመቷ ሳለ የአባቷ መቃብር ላይ እጇን የያዘው እጅ፣ ያ እጅ ጠረጴዛው ላይ ይቆይ። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ከልቧ ጸልያ አታውቅም።

ዝናብ። አዝመራ። ሀገር።

«...በባዕድ ምድር፣ በበረሃ፣ በመኪና ውስጥ ያሉትን ልጆቻችንን...» አሉ ጋሽ ጴጥሮስ። የእናቷ ሲቃ ተሰማ። «አሜን፣ አዎ ጌታ» አለች ሶስና።

በቀኟ በኩል ወንበር ሲንሸራተት ሰማች፤ በቀስታ፣ ልምድ ባለው እጅ።

ዓይኗን አልገለጠችም። መግለጥ አልቻለችም። እንባው በተከደኑ ሽፋሽፍቶቿ መሐል ወጥቶ ዳሉ ላይ ሲንጠባጠብ ጋሽ ጴጥሮስ ለእያንዳንዱ መንገደኛ ጠባቂ መልአክ ይለምኑ ነበር።

«አሜን!»

ማኅሌት እየሮጠች መጣች። አራት ሮቲ።

«ኧረ ማኅሌት፣ ዛሬም?» ብለው ሳቁ ወይዘሮ እልፍነሽ እንባቸውን እየጠረጉ። «ነህምያስ የት ሄደ? እጁን ሊታጠብ ነው? ግድ የለም፣ ለእኔና ለልጄ አንድ ይበቃናል።» የራሳቸውን ሮቲ ለሁለት ቀደዱና ግማሹን ባዶው ሳህን ላይ አኖሩለት።

የጓሮው በር ተከፈተ። ቀድሞ የገባው ሶፎንያስ ነው፤ የሳጥኑን ቁልፍ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎታል። ከኋላው ነህምያ። ነጭ ጫማው በእንሰቱ ጭቃ ተለውሷል፣ እጁ ላይ ካቴና አለ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ጋሽ ጴጥሮስ።

ነህምያ እናቱን አላየም። እህቱን ነው ያየው።

«ማዕድ ላይ ወጥመድ አኖርሽልኝ፣ ሐዱ።»

«ማዕዱን ወጥመድ ያደረግከው አንተ ነህ። ዮሲን የላክኸው አንተ ነህ?»

«ይደርሳል ብዬ ነው። ሌሎቹ ደርሰዋል። የመኪናውን በር የዘጋሁት እኔ ነኝ እንዴ?»

«ገነቴስ? እኔ ስፈርም አጠገቤ ነበርክ። ትከሻዬን ይዘኸኝ ነበር!»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላሉ፤ ከወደቁ በኋላ ደግሞ ፈረሱ ዞሮ ይረግጣል ያለ ግን የለም።

«አንቺ ብቻ አትፍረጂብኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ጆንያ የተሸከምኩት አራት ወር ነው። ከዚያ ወዲህ ከዚህ የሚወርዱትን ልጆች እዚያ የምቀበለው እኔ ነበርኩ። በምን የተማርሽ ይመስልሻል?»

«ያኔም?»

«ያኔም።»

ሐዳሳ ጠረጴዛው ሥር እግሯን ሰበሰበች። ጥቁሩን ጫማ አድርጋው ነበር።

ሶፎንያስ ነህምያን በክንዱ ያዘው። ያኔ ነው ወይዘሮ እልፍነሽ ግማሹን ሮቲ አንስተው ብድግ ያሉት። ሁሉንም ሰምተዋል፣ ሁሉም ገብቷቸዋል፤ የአፋቸው ቃል ግን ሌላ ሆነ።

«ሳይበላ ነው የምትወስዱት?» አሉ።

*

የዮሲ ስልክ በነህምያ መጋዘን ውስጥ፣ ከምስማር ጆንያ ሥር፣ ቢጫ ላስቲኩ እንኳ ሳይፈታ ተገኘ። ለምን እንዳላጠፋው ሲጠይቁት አላውቅም አለ። ባለሙያ ከፍቶት ድምፁን ሲያሰማ ሐዳሳ ክፍሉ ውስጥ አልቆየችም። ያንን ድምፅ መለየት አያስፈልጋትም ነበር። አዜብ ግን ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

ገነቴ የተፈታችው ያንኑ እሑድ ነው። ሐዳሳ ቀዩን ቀሚስ በፌስታል ይዛላት ጣቢያው በር ላይ ጠበቀቻት። ይቅርታ ልትል ስንት ነገር አዘጋጅታ ነበር፤ ሁሉም ጠፋባት።

«ማን ነበር?» አለች ገነቴ።

«ወንድሜ። ስንጸልይ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሳለ ነው የወጣው።»

ገነቴ ቀሚሱን ተቀብላ ጭቃ እንዳልነካው አገላብጣ አየች። የዳምቦያ ሚኒባስ ረዳት ከወዲያ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል።

«እና ቃልዎን ቀየሩ?»

«ቀየርኩ።»

«አሁንስ ዓይንዎን ገልጠው ነው?»

«ገልጬ ነው» አለች ሐዳሳ።

ገነቴ ራሷን ነቀነቀችና፣ ደህና ዋሉ ሳትል፣ ወደ መኪናው ሮጠች።